ሦስት ትውልድ በአንድ መርከብ፦ የወደብ ጉብኝቱ ከመርከቡ ይገዛ ወይስ ለብቻ ይሰናዳ?

ለክርክሩ የቀረበው ጉዳይ ይህ ነው። ከዋሽንግተን የሚነሳ ዘጠኝ ሰው ያለበት ቤተሰብ በነሐሴ የ12 ሌሊት የሜዲትራኒያን ክሩዝ ይሄዳል። የ76 ዓመት አባባ አሉ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው የ71 ዓመት እማማ አሉ፤ አራት ጎልማሶች፣ የ14 እና የ7 ዓመት ልጆች፣ እንዲሁም ሁለት ዓመት የሞላት ሕፃን አለች። አባባና እማማ ግሪን ካርድ ቢኖራቸውም ፓስፖርታቸው የኢትዮጵያ ነው። መርከቡ ከባርሴሎና ወጥቶ ሊቮርኖ፣ ቺቪታቬኪያ፣ ናፖሊ፣ ፒሬየስ (የአቴንስ ወደብ)፣ በቱርክ ኩሻዳሲና በግሪክ ደሴት ሳንቶሪኒ ቆሞ ወደ ባርሴሎና ይመለሳል። አንደኛዋ ተከራካሪ ጉብኝቱ ሁሉ ከመርከቡ ይገዛ ይላሉ፤ ሁለተኛው ደግሞ ቤተሰቡ ለብቻው ያሰናዳ ባይ ናቸው። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ከመርከቡ ይገዛ፦ ሰው ሁሉ ከዋጋ ይጀምራል፤ እኔ ከሰዓት እጀምራለሁ። ፕሮግራሙ ላይ «ሮም» ተብሎ የተጻፈው ወደብ ሮም ውስጥ አይደለም። ቺቪታቬኪያ ነው፤ ከሮም ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። «ፍሎረንስ» የተባለውም ሊቮርኖ ነው፤ እሱም ከከተማው 90 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። መርከቡ ማታ 1፡00 የሚነሳ ከሆነ ተሳፋሪ ሁሉ 12፡30፣ አንዳንዴም 12፡00 ላይ ተጠቃሎ መግባት አለበት። መንገድ ቢዘጋ ወይም የባቡር ሠራተኞች አድማ ቢመቱ፣ በመርከቡ ጉብኝት የወጣውን መርከቡ ይጠብቀዋል፤ መጠበቅ ካልቻለም በራሱ ወጪ ወደሚቀጥለው ወደብ ያደርሰዋል። ለብቻው የወጣው ሰው ግን ወደቡ ላይ ቆሞ የመርከቡን ጀርባ ያያል።

ለዘጠኝ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ከቺቪታቬኪያ ቢቀሩ ወደ ናፖሊ ባቡር አለ። ከኩሻዳሲ ቢቀሩ ግን ከቱርክ ወደ ግሪክ ደሴት መሻገር ሊኖርባቸው ነው። ያውም ከሁለት አረጋውያን ጋር፤ የሸንገን ቪዛቸውም (ጣሊያንን፣ ግሪክንና ስፔንን ጨምሮ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ቱርክን ሲረግጡ አብቅቷል። እዚህ ላይ ክርክር የለንም መሰለኝ፦ ግሪን ካርድ የሸንገን ቪዛን አይተካም፤ በዚህ መስመር የሚጓዝ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ይዞ ይሳፈር፤ የቱርኩን ጉዳይ ደግሞ የመርከብ ኩባንያውን ቀድሞ በጽሑፍ ይጠይቅ። በዚህ ላይ አንዳንድ መርከቦች ፓስፖርቱን ሰብስበው ራሳቸው ይይዛሉ። የፓስፖርቱና የቪዛው ገጽ ቅጂ በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ካልኖረ መቅረት ማለት ያለ መታወቂያ መቅረት ነው።

ለብቻ ይሰናዳ፦ እህቴ ያነሱት ዋስትና እውነት ነው፤ አልክድም። ዋስትናው ግን መርከቡ እንዳያመልጥ ነው እንጂ ለእማማ ጉልበት አይደለም። የመርከቡ አውቶቡስ ከ40 እስከ 50 ሰው ይይዛል። አስጎብኚው ቁጥር ያለው ምልክት ከፍ አድርጎ ይሄዳል፤ የሚሄደውም በመካከለኛው ሰው እርምጃ እንጂ በኋለኛው አይደለም። እማማ ሲደርሱ ማብራሪያው አልቋል፤ ቡድኑ ሊነሳ ነው። የሕፃኗ ዳይፐር የሚቀየረው ደግሞ አውቶቡሱ ሲቆም ነው። ፍሎረንስ ላይ ትላልቅ የቱሪስት አውቶቡሶች መሐል ከተማ ስለማይገቡ ገና ጉብኝቱ ሳይጀመር 15 ወይም 20 ደቂቃ በእግር ነው። ይህ በማስታወቂያው ላይ «መካከለኛ እንቅስቃሴ» ይባላል።

ዋጋውም ቢሆን በሰው ቁጥር ይባዛል። ለምሳሌ አንዱ 120 ዶላር ቢሆን ለዘጠኙ 1,080 ነው፤ ለልጆች ትንሽ ቅናሽ ቢደረግም። የቫን ዋጋ ግን በመኪና ነው፤ ሰባት ሰው ቢሳፈርም አምስት ያው ነው።

ከመርከቡ ይገዛ፦ ወንድሜ ሰባት አሉ፤ ቤተሰቡ ዘጠኝ ነው! በአውሮፓ በተራ መንጃ ፈቃድ የሚነዳ ቫን ሹፌሩን ጨምሮ ዘጠኝ መቀመጫ ነው፤ ለተሳፋሪ ስምንት ማለት ነው። ሁለት ዓመት የሞላት ሕፃን እንደ አንድ ሰው ትቆጠራለች፤ «እናቷ ትታቀፋታለች» የሚለው አይሠራም። ጣሊያን ውስጥ ቁመቱ ከ150 ሴንቲሜትር በታች የሆነ ልጅ በግል መኪና የልጅ መቀመጫ ያስፈልገዋል፤ ታክሲና ከነሹፌሩ የሚከራይ መኪና ኋላ ላይ ከአዋቂ ጋር ለሚቀመጥ ልጅ ከዚህ ነፃ ቢሆኑም፣ ለደኅንነት ለሕፃኗም ለሰባት ዓመቱም መቀመጫ ቀድሞ ቢታዘዝ ይሻላል። ያለው አማራጭ ሁለት መኪና ወይም ሚኒባስ ነው፤ ሒሳቡም ያኔ ሌላ ነው።

ለብቻ ይሰናዳ፦ መቀመጫውን ተቀብያለሁ። ግን ዘጠኙም በየወደቡ አንድ ላይ ይውጡ ያለው ማን ነው? የመርከቡን የጉብኝት ትኬት የገዛ ቤተሰብ ነው በግድ አንድ ላይ የሚውለው። ወደቦቹ አንድ ዓይነት አይደሉምና አንድ በአንድ እንያቸው።

ሊቮርኖ ላይ ፍሎረንስን እተዋለሁ፤ ሦስት ሰዓት በመንገድ ለሚያልፍ ቀን አረጋዊና ሕፃን አይወጣም። ፒዛ 25 ኪሎ ሜትር ግድም ናት፤ ዘንበል ያለው ማማ የቆመበት አደባባይ ሜዳ ነው፣ እማማ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩታል። ግን አንድ ነገር፦ 8 ዓመት ያልሞላው ልጅ ማማው ላይ አይወጣም። ለሰባት ዓመቱ ልጅ ይህ በሩ ላይ ሳይሆን ከቤት ሳይወጣ ይነገረው። ከዚያ ቫኑ ወደ ሉካ ይቀጥል። የከተማው ቅጥር አናቱ ሰፊና ሜዳ ነው፤ በዛፍ የተጠለለ ከ4 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዙሪያ አለው፤ ትልቁ ልጅ ብስክሌት ተከራይቶ ሲዞር አባባ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። በመርከቡ አውቶቡስ ይህን ማቀናጀት አይቻልም።

ቺቪታቬኪያ ላይ ደግሞ ባቡሩ አለ። ከመርከቡ ሥር የወደቡ አውቶቡስ ይወስዳል፤ ከወደቡ መውጫ ሌላ አውቶቡስ ጣቢያ ያደርሳል። የወረቀት ትኬት ከሆነ ሳይሳፈሩ በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን ማስመታት ነው፤ ያልተመታ ትኬት ይዞ የተገኘ ይቀጣል። ቫቲካን ብቻ የሚያይ ሰው እስከ ዋናው የሮም ጣቢያ ቴርሚኒ መሄድ የለበትም፤ ሳን ፒዬትሮ ጣቢያ ይውረድ፣ ከዚያ ባዚሊካው በእግር ቅርብ ነው። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ግዴታ ነው። ጠዋት 1፡30 ከመርከቡ የወረደ ሰው 3፡30 ገደማ ሮም ይገባል። ለመመለስ ደግሞ ከመጨረሻው ባቡር ሁለት ቀድሞ ያለውን ይያዝ፤ 9፡30 ከሮም ቢነሳ በ11፡15 ወደብ ነው፣ የመግቢያው ሰዓት 12፡30 ነውና ከአንድ ሰዓት በላይ ይተርፈዋል።

ቴርሚኒ ድረስ የሄደ ደግሞ፣ ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የፈጇቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው፤ ሐውልታቸውም እዚያው ቅርብ ቆሟል። የአክሱም ሐውልት እስከ 1996 ዓ.ም. ቆሞበት የነበረው ቦታም ከኮሎሲየም ሩቅ አይደለም። የ50 ሰው አስጎብኚ አባባን ወደዚያ አይወስዳቸውም።

ከመርከቡ ይገዛ፦ አባባን በዶጋሊ ከያዙብኝ እኔ በናፖሊ እመልሳለሁ። መርከቡ መሐል ከተማ መቆሙን ያዩ ሁሉ «ባቡር ይዘን ፖምፔይ» ይላሉ፤ ወደ ጥንታዊቷ ከተማ ፍርስራሽ ማለታቸው ነው። ያ ባቡር በነሐሴ ሙቅ ነው፣ ይጨናነቃል፣ ኪስ አውላቂ ይወደዋል። ዋናው ስህተት ግን በሩ ነው። ባቡሩ የሚያወርደው ፖርታ ማሪና በሚባለው በር አጠገብ ነው፤ እዚያ መግቢያው ዳገት ነው፣ መንገዱም ጋሪ የቦረቦረው ጥቁር ድንጋይ። ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደው፣ ለዊልቸርና እግሩን ለሚያመው የተስተካከለው መንገድ የሚጀምረው በሌላው ጫፍ፣ በአምፊቲያትሩ በር ነው። የሕፃን ጋሪም ከዚያ መንገድ ውጭ ጎማውን ነው የሚያጣው፤ አንቀልባ ያስፈልጋል። ትኬቱ ደግሞ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በስም ነው፣ በቀን ከ20,000 ሰው በላይ አይገባም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በነሐሴ ጠዋት ናፖሊ ላይ ቆሞ ትኬት የሚፈልግ ቤተሰብ ያንን ነው የሚሆነው።

ፒሬየስም እንዲሁ። አክሮፖሊስ አሁን በሰዓት በተወሰነ ትኬት ነው። በ2023 እና በ2024 (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ በጋ ሙቀቱ ሲበረታ ከቀኑ 6 እስከ 11 ሰዓት ተዘግቶ ያውቃል። ለብቻው 7 ሰዓት ላይ ትኬት የቆረጠ ሰው ኪሳራው የራሱ ነው። መርከቡ የሰረዘውን ጉብኝት ግን ገንዘቡን ራሱ ይመልሳል።

ለብቻ ይሰናዳ፦ ስለ በሩ እህቴ ትክክል ናቸው። መልሱ ግን ቫን ወይም ታክሲ ይዞ በአምፊቲያትሩ በር መግባት ነው፤ የመርከቡ አውቶቡስም ቢሆን ለእማማ ብሎ በር አይመርጥም፣ ስለዚህ ሲገዛ በየትኛው በር እንደሚገባ መጠየቅ ነው።

በአክሮፖሊስ ደግሞ ሙቀቱ የሚከራከረው ለእኔ ነው። ለብቻው የወጣ ቤተሰብ በሩ ሲከፈት 2 ሰዓት ላይ ያለውን ትኬት ይይዛል፤ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሲደርስ እሱ እየወረደ ነው። በሰሜኑ ገደል በኩል ለአካል ጉዳተኞች አሳንሰር አለ፤ ነፋስ ሲበረታ ሊቆም ስለሚችል ቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ካልሆነም እማማና ሕፃኗ ከሥሩ ያለውን የአክሮፖሊስ ሙዚየም ያያሉ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ አሳንሰር አለው፣ ከአክሮፖሊስ የወረዱ ብዙ ቅርጾችም እዚያ ናቸው። ሜትሮው ከፒሬየስ ይነሳል፤ መንገዱ 10 ኪሎ ሜትር ግድም ነው።

ኩሻዳሲ ላይ ግን ቫን ብቻ ነው የምመክረው። የጥንታዊቷ ኤፌሶን ፍርስራሽ ሁለት በር አለው፤ ከላይኛው ገብቶ በታችኛው መውጣት ማለት ቁልቁል ብቻ መሄድ ማለት ነው፤ ሹፌሩ ታች ይጠብቃል። እብነ በረዱ ያንሸራትታል፣ ጥላ የለም። እማማ ግን ከሴልሰስ ቤተ መጻሕፍት ይልቅ የሚወዱት ተራራው ላይ ያለውን የእመቤታችን ቤት ይመስለኛል። በነሐሴ 1 እና 15 መካከል ከሆነ ፍልሰታ ነው! አውቶቡሶቹ ሳይደርሱ ጠዋት መጀመሪያ እዚያ መውጣት፣ ምንጩን መቅዳት፣ ከዚያ ወደ ፍርስራሹ መውረድ። በታችኛው በር አጠገብ ደግሞ ቡድኑ ሳያይ የሚያልፈው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ፤ በ431 (እ.ኤ.አ.) ንስጥሮስ የተወገዘበት የኤፌሶን ጉባኤ የተካሄደበት ነው። በርካታ የቡድን ጉብኝቶች በዚያ ፋንታ ምንጣፍ ሱቅ ውስጥ ያስቀምጣሉ።

ከመርከቡ ይገዛ፦ ምንጣፉን አልከላከልም። ፍልሰታን ካነሱ ግን ምሳው የተካተተበትን ጉብኝት ተጠንቀቁ፤ በአብዛኛው ሥጋ ወይም አይብ ነው፣ ሲገዛ ካልተነገረ በዕለቱ የሚለወጥ ነገር የለም። ግሪክ ላይ «ኒስቲሲሞ» ማለት የጾም ምግብ ነው፤ አስተናጋጁ ወዲያው ይገባዋል፤ ብቻ በነሱ ጾም ስኩዊድና ኦክቶፐስ ይበላልና ይጠየቅ። ሌላም አለ። ከጣሊያን ወደ ግሪክ አንድ ሰዓት ልዩነት ስላለ ስልክ ራሱን ይቀይራል፤ መርከቡ ሰዓቱን ላይቀይር ይችላል። ከመርከቡ ሲወጡ በሩ ላይ የተለጠፈውን ሰዓት ፎቶ ማንሳት፣ ለአባባም 18፡30ን «ከምሽቱ 12፡30» ብሎ በወረቀት መጻፍ ነው።

አሁን ሳንቶሪኒ ላይ ምን ይሉ ይሆን? መርከቡ ባሕር ላይ ነው የሚቆመው፤ ሰው በትንንሽ ጀልባ ይወርዳል። ከአሮጌው ወደብ ወደ ዋናዋ ከተማ ፊራ የሚወጡት በኬብል ካር፣ ወይም ወደ 590 በሚጠጋ ደረጃ፣ ወይም በአህያ ነው። የመርከቡን ጉብኝት የገዛ ግን ጀልባው አቲኒዮስ ወደብ ያወርደዋል፤ አውቶቡስ እዚያ ቆሞ ይጠብቀዋል። የጠዋቱን ሰልፍ ዘለለ ማለት ነው።

ለብቻ ይሰናዳ፦ ወደ ላይ ሲሄዱ፣ አዎ፤ እጄን ሰጥቻለሁ። ወደ ታች ግን ያው ሰው ፊራ ላይ ይለቀቅና ከሁሉም ጋር ለኬብል ካሩ ይሰለፋል። ብዙ መርከብ በቆመበት ቀን ያ ሰልፍ ከአንድ ሰዓት በላይ በፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ ለእማማ ጉልበት ደረጃውም አህያውም መፍትሔ አይደለም። በነሐሴ ሜልተሚ የሚባለው ነፋስ ካናወጠው ደግሞ ከመርከብ ወደ ጀልባ መሻገሩ ራሱ አደጋ ነው፤ በዊልቸር ያለን ሰው ላያወርዱትም ይችላሉ። ለእማማ ሳንቶሪኒ የሚያምረው ከመርከቡ ሰገነት ነው። መርከቡ ባዶ ይሆናል፤ ገደሉና ነጫጭ ቤቶቹ ፊት ለፊት ናቸው።

ከመርከቡ ይገዛ፦ ሕፃኗስ? የመርከብ የልጆች ክበብ በአብዛኛው የሚቀበለው ከ3 ዓመት ጀምሮ፣ ያውም ከዳይፐር የወጣን ነው።

ለብቻ ይሰናዳ፦ ሕፃኗም ከእማማ ጋር ትቅር፤ አንድ ጎልማሳም አብሮ ይዋል። እንግዲህ የሚወጣው ስድስት ሰው ነው። አንድ ቫን በቃ።

ከመርከቡ ይገዛ፦ ቫኑ የሚቆመው ግን ከኬብል ካሩ በላይ ነው።