ነፍስ ይማር፤ ፒዲኤፉ ከታች አለ

ሰሞኑን አንድ ደራሲ አረፉ። ስማቸውን እኔ አልጠራም፤ በቂ ሰው ጠርቶታል፣ ግማሹም ፊደል ገድፎ።

እኔ የመጣሁት ለምስጋና ነው። ይህ ሕዝብ ለደራሲ ያለው ፍቅር ያስቀናል። እርግጥ ፍቅሩ ትንሽ ዓይን አፋር ነው፤ ባለቤቱ እየሰማ አይወጣውም። ጋሼ መጽሐፋቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ከአንዱ መደብር ወደ ሌላው ሲዞሩ «አምስት ብቻ ይተዉልን፣ ሲሸጥ እንደውላለን» ይባሉ ነበር። ስልኩ ሳይደወል አረፉ። በምረቃው ዕለት አዳራሹን ሞልቶ ቆሎ ሲቆረጥም ያመሸው እድምተኛ፣ ሲወጣ በር ላይ የተከመረውን መጽሐፍ እንደ ዝናብ ኩሬ እየዞረ ነው ያለፈው። «ለእኔማ በነፃ ነው፣ ከነፊርማዎ» ያላቸውም ነበር። ይህን ንቀት የሚሉት አሉ። ተሳስተዋል። ወዳጅ ሐዘኑን እየቆጠበ ነበር።

ጡሩምባው ሲነፋ ቁጠባው ሁሉ በአንድ ቀን ወጣ። ጠዋት ስልኬን ስከፍት ድንኳን ሆና ጠበቀችኝ። ሻማ፣ ጥቁር ሪባን፣ የምታለቅስ ቢጫ ፊት። እስከ ትናንት «ደራሲ» መባላቸውም የሚያከራክር ሰው «አንጋፋ» ሆነው አደሩ። በእኛ አገር ይህን ማዕረግ የሚሰጠው የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ነው።

«ከጋሼ ጋር ያሳለፍኩት የማይረሳ ቀን» የሚለውን ፎቶ ሳታዩት አትቀሩም። ሐዘንተኛው ሱፉን ለብሶ፣ ፈገግ ብሎ መሐል ላይ ቆሟል። ጋሼ ዳር ላይ ናቸው፤ አንድ ጆሮ፣ ግማሽ መነጽር፣ የማኪያቶ ብርጭቆ። የሚያዩት ወደ አስተናጋጁ ነው። ሟቹን ለማየት ፎቶውን በሁለት ጣት ማስፋት ያስፈልጋል።

ሌላው ደግሞ አንባቢ ነው። የጋሼ ሥራ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ጎን እንደሚቀመጥ ከመሰከረ በኋላ፣ በዛብህና ሰብለ ወንጌል አብረው ሲያረጁ እንዴት እንዳለቀሰ ይተርክልናል። ሲያረጁ! ርእሱ እንኳ መቃብር እያለ! ግን አይፈረድበትም። መጽሐፉ በ1958 ታትሞ ሳለ ለብዙዎቻችን ያነበበልን ወጋየሁ ንጋቱ ነው፣ በሬዲዮ። መጨረሻው ሳይደርስ የሰውየው ባትሪ አልቆ ይሆናል።

የገጠር አልቃሽ እንኳ ሙሾ ከማውረዷ በፊት ታጠያይቃለች፤ አባቱ ማን ነው፣ ምን ሠራ፣ ማንን ደገፈ፣ ፈረሱ ማን ይባላል። ከዚያ ነው ግጥሙን የምትደረድረው። የኛ ዘመን አልቃሽ ግን ተሰጥኦው የበዛ ነውና ጥያቄ አያስፈልገውም። ጋሼ ጽፈውት የማያውቁትን ጥቅስ ሳይቀር በስማቸው ይጠቅስላቸዋል።

ከሁሉም ልቤን የነካው በቴሌግራም ያገኘሁት ነው። ስሙን አላውቅም፤ የማውቀው አውራ ጣቱን ነው። ይህ ሰው ሐዘን ቢጸናበት የጋሼን የመጨረሻ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በስልኩ አንስቶ፣ ፒዲኤፍ አድርጎ ለቀቀው። «ለነፍሳቸው መታሰቢያ» ይላል ከላይ። «ቻናላችንን ይቀላቀሉ» ይላል ከታች። መጽሐፉን በግራ እጁ ዘርግቶ ስለሚያነሳ አውራ ጣቱ በየፎቶው ጥግ ላይ ገብታለች። 304 ገጽ፣ ሁለት ሁለት ገጽ፣ 152 ጊዜ አውራ ጣት።

መጀመሪያ ያናድዳል። ከሥሯ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ቃል ይቀራል። ሟች ሊናዘዝ አፉን ሲከፍት፣ ጣት። ልጅቷ ደብዳቤዋን «እኔ ያንተ» ብላ ልትጨርስ ስትል፣ ጣት። እያደር ግን ትለመዳለች። ገጽ 60 ላይ ጥፍሯ ንጹሕ ነው። ገጽ 90 ላይ ሽሮ ነክቷታል፤ ምሳ ተበልቷል ማለት ነው። ገጽ 141 ላይ በፕላስተር ታሽጋ መጣች። ምን አገኛት? ቢላ ነው? ወረቀቱ ራሱ ቆረጣት? ደራሲው ስለዚህ ምንም አይሉም። ከዚያ ወዲያ ታሪኩን ትቼ እሷን መከታተል ያዝኩ። ገጽ 200 ላይ ፕላስተሩ ተነሳ፤ ተመስገን አልኩ። ገጽ 233 ላይ ሌላ ጣት ብቅ አለች፤ ቀጭን፣ ጥፍሯን ቀይ የተቀባች። ረዳት ተገኘ! ሁለቱ ጣቶች አንዱን ገጽ ግራና ቀኝ ይዘው እስከ 260 አብረው ዘለቁ። 262 ላይ ቀይዋ የለችም። 264፣ የለችም። እስከ መጨረሻው አልተመለሰችም። አልዋሽም፣ ለጋሼ ገጸ ባሕርያት ያላዘንኩትን ለዚህ አዘንኩ።

ከሥሩ ከሪያድ እስከ ዋሽንግተን ምርቃቱ ይጎርፋል። «እግዜር ይስጥልን፣ ክፍል ሁለትስ?» «ገጽ 87 ደብዝዟል፣ በጥራት ይላክልን።» አንዷ ደግሞ «እኔ ያንተ» የሚለው ጋ ስትደርስ ትራሷ እንደራሰ ጽፋለች። «እንዴት ያለ ፍቅር ነው!»

የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ የድርሰት ገቢ ደራሲው በሕይወት ሳለ ለራሱ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ለወራሾቹ ይላል። ሕግ አውጪው ለቅሶ ደርሶ አያውቅም መሰል። ወራሾቹ ሐዘን ላይ ናቸው፤ በዚህ ሰዓት ደግሞ በገንዘብ ይቸገሩ?

በየካቲት የበዓሉ ግርማ ተራ ይደርሳል። «ጀግና አይሞትም»፣ ከሽፋን ፎቶ ጋር። እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። «ኦሮማይ» በ1975 ወጣ፣ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ ሰውየው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። አስከሬን የለ። መቃብር የለ። አርባ የሚቆጠርበት ቀን እንኳ የለ። ያን ጊዜ መጽሐፉን ከጃኬት ሥር አውጥቶ ያነበበ ሰው እየፈራ ነበር ያነበበው፤ ግን አነበበው! ዛሬ ማንም ሳይከለክልህ፣ አንድ ምዕራፍ ሳትገልጥ፣ አይሞትም ትላለህ። የት እንደሞተ እኮ የነገረን የለም! የቤተሰቡ እንባ የሚያርፍበት አንድ ክንድ መሬት ሳይገኝ ከ40 ዓመት በላይ ሆነ፣ አንተ ላይክ ትቆጥራለህ።

ይቅርታ። ምስጋና ላይ ነበርን።

መጽሐፍ አዟሪዎችም ይመስገኑ። አራት ኪሎ ላይ አንዱን አገኘሁት፤ መጽሐፉን ከክንዱ እስከ አገጩ ደርድሯል። ከሁለት ሳምንት በፊት የጋሼ መጽሐፍ ከክምሩ ግርጌ ነበረች፤ «በመቶ ሃምሳ ውሰዳት፣ ክብደቷ ነው የተረፈኝ» ብሎኝ ነበር። አሁን አናት ላይ ወጥታለች።

«ስንት?»

«ስድስት መቶ።»

«ምነው?»

«ሞቱ እኮ ጋሼ!» አለኝ፣ ነዳጅ እንደጨመረ ሰው።

ከፈልኩ። ለሥነ ጽሑፍ ፍቅር ብዬ አይደለም፤ ከጣቷ ሥር ያለው ሲያንገበግበኝ ስለሰነበተ ነው። ታክሲ ውስጥ ቆሜ ገጹን ፈለግሁት። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «እኔ ያንተ አይደለሁም።»

ማታ ይህንኑ ልጽፍላቸው ቻናሉን ከፈትኩ። አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል። የሌላ ደራሲ መጽሐፍ ሽፋን፣ ጥግ ላይ ያቺው አውራ ጣት፣ ከሥሩ «በቅርብ ቀን ይጠብቁን!»

እኚህኛው ደራሲ በሕይወት አሉ። ማክሰኞ ዕለት ፒያሳ ማኪያቶ ሲጠጡ አይቻቸዋለሁ። ትንሽ ሳል ነበራቸው።