ለፊልትሮ ገራፊዎች የቀረበ ምስጋና

የከባድ መኪና የአየር ፊልትሮ (ሞተር የሚስበውን አየር ከአቧራ የሚያጣራውን ባለ ወረቀት ማጣሪያ) ይዞ ከጎማ ጋር የሚያላትመውን ሰው ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? እኔ አይቼ አልጠግበውም። ክዳኑን ፈትቶ ፊልትሮውን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ ታቅፎ ያወጣዋል። ርኅራኄው እዚያ ላይ ያበቃል። ጧ! ጧ! አቧራው ይቦናል፣ ጠርዙ ይጎብጣል፣ ዳር ዳሩን የሚያሽገው ጎሚኒ ከቦታው ይሸሻል። ቀጥሎ የኮምፕረሰሩ ቱቦ ይመጣና ጎማ በሚነፋበት ግፊት ወረቀቱ ይነፋል። በመጨረሻ ፊልትሮውን ወደ ፀሐይ ያነሣል፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያይና ይፈርዳል፦ «ገና ናት! አዲስ ናት!»

የዚህ ዓይን ነገር ይደንቀኛል። ሞተር ከሚፍቀው አቧራ ክፉው ከ5 እስከ 20 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሚሆነው ነው፤ አንድ የፀጉር ዘለላ እንኳ 70 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። ኮምፕረሰሩ የከፈታትን የ20 ማይክሮን ቀዳዳ ሌላው ሰው በማይክሮስኮፕ ይፈልጋት። የእኛ ጀግና ፀሐይ ካለችለት ይበቃዋል።

ቸርነቱም አይረሳ። አንድ ሊትር ናፍጣ በወጉ ለመቃጠል ቢያንስ 10,000 ሊትር ያህል አየር ይፈልጋል፤ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ ማራገቢያ) ያለው ሞተር ደግሞ ጭነት ላይ ከዚህም ይበልጥ ይስባል። እንግዲህ 100 ሊትር ናፍጣ ያቃጠለ መኪና በዚያች ቀዳዳ አጠገብ ስንት አየር እንዳሳለፈ አስሉት። አየሩ ብቻውን አይገባም፣ አሸዋ አስከትሎ ነው። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ከብዙ ብረት ይጠነክራል፤ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር የሚችለውን የቱርቦ ክንፍ ጠርዙን ይሞርደዋል፣ ከዚያ ወርዶ ፋሻ በሚባለው የፒስተን ቀለበትና በሲሊንደሩ መካከል ይሰየማል። እንዲህ ያለ መስተንግዶ ለማን ይደረጋል?

መመሪያ አንባቢ የሚባሉ ፈሪዎችም አሉ። ፊልትሮው ቤት ላይ የተተከለችውን ትንሽ ጠቋሚ አይተው፣ አቧራው በአየሩ መንገድ ላይ የፈጠረው እገዳ 6 ኪሎፓስካል ገደማ ሲደርስ ብቻ ይቀይራሉ። እስከዚያ አይነኩትም፤ ጥቂት አቧራ የያዘ ወረቀት ከአዲሱ የተሻለ ያጣራል፣ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ አቧራ ወደ ውስጥ ይወርዳል ይላሉ። አለመንካት ጥገና ነው የሚሉ ሰዎች፣ ምን ይባላሉ! ውስጠኛዋን ትንሿን ፊልትሮ ጭራሽ አትታጠብም፣ አትነፋም፣ ትቀየራለች እንጂ ብለው ይማማላሉ። ጀግኖቻችን እሷንም ገርፈዋታል። አንዳንዱማ «ሁለት ምን ያደርጋል?» ብሎ አውጥቶ ጥሏታል።

(ቱርቦው እንዲያፏጭ ብለው ፊልትሮውን ከነቤቱ የሚያወልቁም አሉ። የእነሱ ምስጋና የፉጨቱ ዕድሜ ስለሚያጥር እዚሁ ያልቃል።)

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሞተር ሲወርድ ቆሜ አየሁ። ዘይት ይበላ ነበር፣ በዘይት መሙያው አፍ እንደ ማንቆርቆሪያ ይተነፍስ ነበር። የሲሊንደሩ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተቧጭሯል።

«ናፍጣው ነው» አለ ሹፌሩ።

«ዘይቱ ነው እንጂ ጋሼ» አለ ረዳቱ።

መካኒኩ ዝም ብሎ ፒስተኑን ያጥባል። ሹፌሩ ዞር ሲል ፊልትሮው ወለሉ ላይ ተቀምጧል። አነሣው፣ ወደ ፀሐይ አቀናው፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይቺ ግን ገና ናት» አለና ወደ ጎማው ሄደ።