ያልተነበበው ሁሉ ዕዳ አይደለም

የመውጫ ፈተና ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ዙሪያ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። ተማሪው በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ያመጣውን ሁሉ ያሳትማል፤ ሞጁል፣ ስላይድ፣ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ሃንድአውት፣ የአምናና የካቻምና ጥያቄ። ከሳምንት በኋላ ጥራዙ እንደታሰረ ነው፤ ባለቤቱ ግን እንቅልፍ አጥቷል። «የሚነበበው በዛብኝ፣ ከየት ልጀምር?» ሲል ወላጅም መምህርም የሚመልስለት «ቁጭ ብለህ አንብብ» የሚል ነው። ይህ ምክር አይጠቅመውም። የጎደለው ንባብ ሳይሆን ከንባብ በፊት መደረግ የነበረበት ምርጫ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ስምንት ሳምንት የቀረው ተማሪ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት ከልቡ ቢያነብ 192 ሰዓት አለው። አራት ሰዓት ያነሰበት ሰው ላይብረሪ መቀመጥና ማንበብ አንድ እንዳልሆኑ ያስብ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሙያ መጽሐፍ ማስታወሻ እየተያዘ ሲነበብ በሰዓት 12 ገጽ ከተሄደ ደህና ነው። ግማሹ ሰዓት ለጥያቄ መሥራትና ለክለሳ ስለሚሄድ በቀረው 96 ሰዓት የሚነበበው 1,152 ገጽ ነው። በስልኩ ያጠራቀመው ፒዲኤፍ 8,000 ገጽ ነው ብንል ደግሞ፣ በዚያው ፍጥነት ከ660 ሰዓት በላይ፣ ማለትም ከስድስት ወር በላይ ይፈጅበታል። የቱንም ያህል ቢተጋ አይጨርሰውም። ይህን ወረቀት ላይ አስፍሮ ያላየ ተማሪ ግን ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል፤ «ሰነፍ ነኝ» ይላል፤ ሲጨነቅ ደግሞ ሌላ ፒዲኤፍ ያወርዳል። ማውረድ ለአፍታ የማንበብን ያህል ያረካል፤ ጉዳቱም እዚያ ላይ ነው።

መምረጫው ደግሞ በእጁ ነው። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች መሰጠት ሲጀምር በየትምህርት መስኩ ብሉፕሪንት ተዘጋጅቶለታል። የትኞቹ ኮርሶች እንደሚካተቱና ከጥያቄው ምን ያህል ድርሻ እንደሚይዙ እዚያ ላይ ተጽፏል። ብዙ ተማሪ ይህን ሰነድ ከሁሉም ቀድሞ ያወርደዋል፣ ከሁሉም በኋላ ይከፍተዋል። 20 በመቶ የሚይዝ ዘርፍ ከ192 ሰዓት 38 ይደርሰዋል። 4 በመቶ የሚይዘው ስምንት ሰዓት እንኳ አይሞላለትም፤ ግማሹ ለጥያቄ ሲሄድ የሚነበበው 46 ገጽ ብቻ ነው። ለዚህ ኮርስ ባለ 700 ገጽ መጽሐፍ ማሳተም ገንዘብ መጣል ነው። ማለፊያው 50 በመቶ መሆኑንም ማስታወስ ጥሩ ነው። ሁሉንም የሚያውቅ ተማሪ አልተፈለገም።

ቀጥሎ ስልኩን ማጽዳት ነው። ቴሌግራም በነጻ እስከ 500 ቻናልና ግሩፕ መቀላቀል ይፈቅዳል፤ ልግስናው ለተማሪ አይበጅም። ቻናልን ድምፁን ማጥፋት ብዙም አይረዳም፤ ያልተነበበው ቁጥር ከስሙ ጎን እየጨመረ ይቀመጣል። የማያስፈልገውን ለቆ መውጣት፣ ለአንድ ኮርስ አንድ ቻናል ብቻ ማስቀረት ይሻላል። ሴቲንግ ውስጥ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ የሚለው ተከፍቶ ፋይል በራሱ እንዳይወርድ ማጥፋት ይቻላል፤ ኖቲፊኬሽን ውስጥ ደግሞ ድምፃቸው የጠፉ ቻናሎች በመተግበሪያው አርማ ላይ ባለው ቁጥር እንዳይደመሩ ማድረግ ይቻላል። ከዚያ የወረዱትን መደርደር ነው። አንዱ ሞጁል «ፋይናል»፣ «ኒው»፣ «ኮምፕሊት» ተብሎ በሦስት ስም ተቀምጦ ይገኛል። የገጹን ቁጥርና የመጀመሪያውን ገጽ አስተያይቶ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን መሰረዝ ነው። ፋይሉን ከፍቶ ርዕሱ ላይ ያለ አንድ ቃል መፈለግም ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ቃሉ እያለ ካላገኘው ሰነዱ በካሜራ ወይም በስካነር የተነሣ ፎቶ ነው፤ ምዕራፍ መፈለግ አይቻልበትም፣ ቦታም ይበላል። የተሻለ ቅጂ ካለ ፎቶው ይሰረዝ። የሚሳሳ ሰው የሚሰርዘውን አንድ ፎልደር ውስጥ ከትቶ ፈተናው እስኪያልፍ አይክፈተው። አብዛኛውን አይፈልገውም።

ድርሻን በቀን መመደብ ለጎንደር ሰው አዲስ አይደለም። ዳዊት የሚደግም ሰው 150ውን መዝሙር በአንድ ቀን ካልተወጣሁ አይልም። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150 ይደርሳል፤ እሑድ መኃልየ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ሃያ ሃያ ብቻ መሆናቸውን ልብ ይሏል፤ ቀኑ ሁሉ እኩል አልተሸከመም። መዝሙረ ዳዊት 118 የሚገባው ዓርብ ነው፤ ያ ረጅም መዝሙር ያለበት ቀን ቁጥሩ ማነሱ ተገቢ ነው። የተማሪ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ በየቀኑ 40 ገጽ ብሎ ይጽፋል፣ የላብራቶሪ ሥራ ያለበትን ቀን፣ የበዓሉን ዋዜማ አይቆጥርም። በሦስተኛው ቀን 25 ገጽ ይቀርበታል፣ በማግስቱ 65 ይሆናል፣ በአምስተኛው ቀን ፕሮግራሙ ራሱ ይጣላል። የቀረው ወደ ነገ እንዳይሻገር አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ለዚህ በሳምንት አንድ ባዶ ግማሽ ቀን ይተዋል፤ የሳምንቱ ቅሪት እዚያ ከገባ ገባ፣ ካልገባ ይታለፋል።

አብነት ትምህርት ቤቱ ሌላም ነገር ያውቃል። አቋቋም የተባለውን የዜማና የሽብሸባ ትምህርት ሊያስመሰክር ጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ተማሪ የመጻሕፍት ትርጓሜን ሁሉ አልጨረስኩም ብሎ አያፍርም። ትርጓሜውም ቢሆን ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎ በአራት ጉባኤ የተከፈለ ነው፤ በአንዱ መምህር መባል ክብር ነው። ብራና ከቆዳ ተፍቆ፣ በእጅ ተጽፎ ለወራት በሚደከምበት ዘመን መጽሐፉ ከመጻፉ በፊት «ይህ ይጻፍ ወይ?» ተብሎ ይመከርበት ነበር። ዛሬ ማንም አይመክርም፤ ፋይሉ ይላካል።

የተመረጠውን ማንበብም የራሱ አካሄድ አለው። ለ25 ገጽ ምዕራፍ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ርዕሶቹን፣ ሥዕሎቹንና መጨረሻው ላይ ያለውን ማጠቃለያ ማየት፤ ከዚያ ከምዕራፉ የወጡ አምስት ስድስት የድሮ ጥያቄዎችን መሞከር ነው። መሳሳቱ ችግር የለውም፤ ጥያቄው የቱ ገጽ በደንብ መነበብ እንዳለበት ይጠቁማል። አሥር ገጽ ያህል ከተነበበ በኋላ መጽሐፉን ዘግቶ የታወሰውን በግማሽ ገጽ መጻፍ፣ ከፍቶ ማስተያየት። በማግስቱ አሥር ደቂቃ፣ በሳምንቱ አሥር ደቂቃ መመለስ። በ2013 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አሥር የአጠናን ዘዴዎችን መዝነው ማስመርንና ደጋግሞ ማንበብን ዝቅተኛ ደረጃ፣ ራስን መፈተንንና ጥናትን በተለያየ ቀን መበተንን ከፍተኛ ደረጃ ሰጥተዋቸዋል። ደጋግሞ ያነበቡት ነገር ዓይን ስለለመደው የታወቀ ይመስላል፤ ፈተናው ግን ዓይን የለመደውን አይጠይቅም። ሃይላይተርማ ገጹን በሙሉ ቢጫ ካደረገው ምንም አልመረጠም።

ማሳተም ካስፈለገ የሳምንቱን ድርሻ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋና የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ ወረቀቱ ይደርሳል። ባለ ቀለም ስላይድ ግን በጥቁርና ነጭ ሲባዛ ጀርባው ግራጫ ሆኖ ጽሑፉን ይውጠዋል፤ ስድስት ስላይድ በአንድ ገጽ ከሆነ ደግሞ ሠንጠረዡ አይነበብም። አንድ ገጽ አስወጥቶ ዓይቶ ቀሪውን ማዘዝ ነው።

ሥራ ላይ ያለውም ከዚህ አላመለጠም፤ በተለይ የጤና ባለሙያው። ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ጆርናል ማግኘት ራሱ ችግር ነበር። ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት ባስጀመረው ሂናሪ በተባለ ፕሮግራም በኩል እንደኛ ባሉ አገሮች ያሉ ተቋማት በሺህ የሚቆጠሩ ጆርናሎችን ያገኛሉ። ለባለሙያው የሚበጀው ቅደም ተከተል ቀላል ነው፤ መጀመሪያ አሁን የሚሠራበት ብሔራዊ መመሪያ፣ ቀጥሎ በርካታ ጥናቶችን የገመገመ ጽሑፍ፣ ነጠላ ጥናት መጨረሻ። መመሪያ ሲወርድ የወጣበትን ዓመት ማየትና አሮጌውን በዚያው ቅጽበት መሰረዝ ግዴታ ነው። የተሻረ መመሪያ ስልክ ውስጥ ማስቀመጥ በተሻረ የመድኃኒት መጠን እስከ ማዘዝ ሊያደርስ ይችላል። ለደስታ የሚነበብ ልብ ወለድ እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ጊዜ ሲገኝ ይነበባል፣ ካልተገኘ ማንም አይጠይቅም።

ይህን ሁሉ ግን በተማሪው ላይ ብቻ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። የኮርስ አውትላይን መጨረሻ ላይ «ሪፈረንስ» ተብሎ አሥር መጽሐፍ የሚደረደረው በመምህሩ ነው። የትኛው ምዕራፍ፣ ከየት እስከ የት የሚል የለበትም፤ አንዳንዱ እትሙ አርጅቷል፣ አንዳንዱ ላይብረሪው ውስጥ የለም። ተማሪው ይህን ዝርዝር ሲያይ አሥሩንም ማንበብ ያለበት ይመስለዋል፤ ወይ ደግሞ አንዱንም አይነካም። መምህሩ በየሳምንቱ ርዕስ ትይዩ «ግዴታ፦ ምዕራፍ 4፣ ከገጽ 112 እስከ 131፤ ለፈለገ፦ ምዕራፍ 7» ብሎ ቢጽፍ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢፈጅበት ነው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ የአንድ ሴሚስተር ኮርሶችን የግዴታ ገጾች ደምሮ በሰዓት 12 ገጽ ያካፍል። የሚወጣው ሰዓት ተማሪው በሴሚስተሩ ካለው ሰዓት ከበለጠ፣ አውትላይኑ ሳይጸድቅ ለመምህሩ ይመለስ።