ፖሊሱን ሩጥ ከማለታችን በፊት

ወገኖቼ ሆይ፣ ፖሊስ ሲዘገይብን እንቆጣለን፤ ሌባ ሲያመልጠው እናማዋለን፤ ሮጦ ሲይዝልን ደግሞ «ጎበዝ» ብለን እናልፋለን። በሚሮጠው ሰው ደረት ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ግን ጠይቀን አናውቅም። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት የፖሊስ ልብስ ለብሼ ካገለገልሁ በኋላ በጡረታ የተሰናበትሁ ሰው ነኝ። በጥይት የተለዩንን ባልደረቦች ስም በክብር እንጠራለን፤ በልብ ሕመም የተለዩንን ግን «ቀኑ ደርሶ ነው» ብለን ቀብረናቸው ተመልሰናል። ቀኑ አልደረሰም ነበር። ወደዚያ ቀን በመግፋቱ የእኔም የእናንተም እጅ አለበት፤ ስለዚህም ነው ይህን ተግሳጽ ለፖሊሱ ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም የምጽፈው።

ስሙን የማልጠራው አንድ ባልደረባ ነበረኝ። በምልመላው ዘመን ከምድባችን ቀድሞ የሚገባ ሯጭ ነበር። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ግን ሳጅን ሆኖ፣ የጣቢያ ጠረጴዛ ተሰጥቶት፣ ቀበቶው አልበቃው ብሎ በምስማር ሦስት ተጨማሪ ቀዳዳ በስቶበት ነበር። አንድ ማለዳ ከሌሊት ተረኛነት ልንወጣ ስንል የሴት ቦርሳ የነጠቀ ልጅ በፊታችን አለፈ፤ እሱም ዳገቱን ይዞ ተከተለው። ሁለት መቶ ሜትር ያህል እንደሄደ ቆመ፤ ግንቡን ተደገፈ፤ ከዚያ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ስደርስ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ በግራ እጁ መንጋጋውን ይዞ «ጨጓራዬ ነው፤ ትናንት የበላነው ቁርጥ አልተስማማኝም» አለኝ። እኔም አመንሁት። ውኃ አጠጣሁት፤ ደግፌም ወደ ጣቢያው በእግሩ አስኬድሁት። ከአንድ ሰዓት በላይ በአግዳሚ ወንበር ላይ አስተኝተነው «ይሻልሃል» ስንለው ቆየን። ሐኪም ዘንድ ስንደርስ የቀረ ነገር አልነበረም።

ያን ቀን ያላወቅሁትን እናንተ ዛሬ ዕወቁት። ልብ ለራሷ የሚያስፈልጋትን ደም የምታገኘው በቀጫጭን የደም ቧንቧዎች ነው። ለዓመታት በቧንቧዎቹ ግድግዳ ላይ ስብ ይጋገራል፤ ሰውየው ግን ምንም አይሰማውም። ሌሊቱን ተቀምጦ ያደረ ሰው በድንገት ተነሥቶ ሲሮጥ ወይም ሲታገል አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን በደሙ ውስጥ ይለቀቃል፤ የልብ ምቱ ያሻቅባል፣ የደም ግፊቱ ይንራል፣ የተጋገረው ስብ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በስንጥቁም ላይ ደም ረግቶ ቧንቧውን ይዘጋዋል። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ደቂቃ የልብ ጡንቻ የሚሞትበት ነው። ሕመሙ ደረት ላይ ብቻ አይቀመጥም፤ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ፣ ወደ ጀርባ፣ ከእንብርትም በላይ ይሄዳል፤ ጨጓራ የሚመስለው ለዚህ ነው።

የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 2010 በአሜሪካ በሥራ ላይ ሳሉ በድንገተኛ የልብ ሞት ያለፉ 441 ፖሊሶችን መርምረው ነበር። ፖሊሱ በተለመደው የዕለት ሥራው ላይ ካለበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር፣ ተጠርጣሪን ታግሎ በሚይዝበትና በሚያሳድድበት ጊዜ የመሞት ዕድሉ ከ30 እጥፍ በላይ፣ በአካል ብቃት ልምምድ ጊዜ ደግሞ ከ20 እጥፍ ያላነሰ ሆኖ አግኝተውታል። የመጨረሻውን ቁጥር ልብ በሉልኝ። ሩጫ ይገድላል ማለት አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ከርሞ በምዘና ቀን ብቻ የሚሮጥ ሰው ግን ራሱን ለአደጋ ይሰጣል። አገሩ ሌላ ቢሆንም የሰው ልብ አንድ ነው፤ የእኛ ፖሊስ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ዳገት ላይ ነው የሚሮጠው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። የሰፈራችን ፖሊስ ቦርጭ ሲያወጣ «ተመችቶሃል፤ አማረብህ» የምንለው እኛ ነን። በርትቶ ሲሮጥ ከርሞ ሰውነቱ ሲሟሽሽ ደግሞ «ምነው ከሳህ? ምን ነካህ?» እያልን በሐዘን እንመለከተዋለን። ውፍረትን የማዕረግ ምልክት፣ ክሳትን የችግር ምልክት አድርገን ስለምናይ፣ ሰውየው ጤናውን ሲጠብቅ ያፍራል፣ ሲያጣው ይኮራል። የሠርግና የክርስትና ድግሳችን ላይ ፖሊሱ እንግዳችን ሲሆን ጮማ መርጠን እናቀርብለታለን፤ ድራፍቱን እንደራርብለታለን፤ እምቢ ካለ እንቀየመዋለን። ይህ ፍቅር እንዳልሆነ ልንረዳ ይገባናል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲመገብ ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በርበሬያችንም ሽሯችንም ሲሰናዱ ጨው ገብቶባቸዋል፤ ወጡ ሲበስል ሌላ ይጨመራል፤ ማዕዱ ላይ ደግሞ ጨው ይነሰነሳል። እናቶችና እኅቶች፣ ቤት ያለ ፖሊስ ካላችሁ ይህን ቆጥራችሁ ቀንሱለት።

እናንተ የደንብ ልብስ የለበሳችሁ ልጆቼና ወንድሞቼ ደግሞ ስሙኝ። ከማሠልጠኛ ስትወጡ የነበራችሁ ሰውነት የመንግሥት ስጦታ አይደለም፤ ካልተንከባከባችሁት ይከዳችኋል። ፖሊስ ኦሜድላን የመሰለ የስፖርት ክለብ አለው፤ ደራርቱ ቱሉም በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣችው የማረሚያ ቤት ፖሊስ ባልደረባ ሳለች ነው። ጥቂት አትሌቶች ስለሚሮጡልን ግን የእናንተ ልብ አይጠነክርም። የሌሊት ተረኛ ሆናችሁ እንቅልፍ ለመከላከል ጫት ስትቅሙና ሲጋራ ስትስቡ፣ ጫቱ የልብ ምታችሁንና ግፊታችሁን ከፍ ያደርጋል፣ ሲጋራው ቧንቧችሁን ያጠብባል፤ ሁለቱ ተደርበው ማለዳ ላይ ሩጫ ሲመጣባችሁ ልባችሁ ከየት ታምጣው? «ደም ብዛት ቢኖርብኝ ራሴን ያመኝ ነበር» የሚለውን ከእንግዲህ አልሰማ። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት የለውም፤ ሐኪም ቤት በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሰውየው ደኅና ነኝ ቢልም ታማሚ ነው። መድኃኒት ተሰጥቷችሁ «አሁን ተሽሎኛል» ብላችሁ አታቋርጡ፤ የተሻላችሁ መድኃኒቱን ስለወሰዳችሁ ነው። ጠበል የምትጠመቁም ብትሆኑ መድኃኒቱን አትተዉ።

በልጅነቱ ቶንሲል ደጋግሞ ያመመውና ዳገት ላይ ቶሎ ትንፋሹ የሚያጥር ወጣት ምልምል ካለ ሰነፍ ተብሎ አይገረፍ፤ በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳው የልብ በር ሕመም ከዚያ ስለሚነሣ በሐኪም ይመርመር።

አዛዦች ሆይ፣ ከእናንተ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አንድ የግፊት መለኪያ በየጣቢያው ይኑር፤ ተረኛው መሣሪያ ሲረከብ ክንዱን ይዘርጋ፤ ውጤቱም በመዝገብ ይጻፍ። በምሥጢር ይያዝ እንጂ የተገኘበት ሰው ከዕድገት የሚታገድበት ምክንያት አይሁን፤ የሚታገድ ከሆነ ግን ሁሉም ይደብቃል፤ የደበቀውን ደግሞ የምናገኘው አስከሬኑ ላይ ነው። ሌሊትና ቀን እያፈራረቃችሁ ያለ ዕረፍት አታሰልፉት፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ግፊቱ ይጨምራል፤ ቁጣውም ለሕዝቡ ይተርፋል። ልምምዱንም በእርምጃ አስጀምሩት። በሳምንት 150 ደቂቃ ማለት በአምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ያለ ጉዞ ነው፤ ከወራት በኋላ ሩጫው ይጨመርበታል። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተጀመረው «መንገድ ለሰው» ቀን ፖሊሱ መንገድ ዘግቶ ይቆምልናል፤ እኛ እንሮጣለን፤ እሱ ያየናል። ተራ በተራ ልብሱን ቀይሮ አብሮን እንዲሮጥ ቢደረግ ምን ይከለክላል?

አሁን ደግሞ መንገድ ላይ ፖሊስም ሆነ ሌላ ሰው ደረቱን ይዞ ሲቀመጥ ብታዩ እኔ ያደረግሁትን አታድርጉ። አታስኪዱት፤ ውኃና ለስላሳ እየሰጣችሁ ጊዜ አታባክኑ፤ አንገቱንና ቀበቶውን ፈታ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በአዲስ አበባ ከሆናችሁ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ፤ ከዘገየ ባገኛችሁት መኪና ውሰዱት። ራሱን ስቶ ትንፋሹ ከቆመ በጀርባው አስተኝታችሁ ሁለት መዳፋችሁን ደራርባችሁ የደረቱን መካከል ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር ወደ ታች እየገፋችሁ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ እርዳታ እስኪደርስ ድረስ አታቋርጡ። እያንዳንዱ ሰፈር ይህን የሚያውቅ ሁለት ሰው ሊያጣ አይገባውም።

የባልደረባዬ ልጅ ዛሬ የመንገድ ትራፊክ ፖሊስ ነው። እሑድ እሑድ ማለዳ በሬን ያንኳኳል፤ ከጠረጴዛዬ ላይ የማይነሣውን መለኪያ ክንዱ ላይ እጠቀልልለታለሁ፤ ቁጥሩን በአባቱ የድሮ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ከዚያም ዳገቱን ይዘን እንወጣለን።