መሃል ከተማ አዲስ ስታዲየም ይሠራ ለሚሉ

ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ፈርሰው መልካቸው ከተቀየረ ወዲህ፣ ስለ ኳስ በተወራ ቁጥር አንድ ሐሳብ ሲነሣ እሰማለሁ፦ ይህን ያህል ቦታ ከተገኘ አይቀር ከተማዋ እምብርቷ ላይ ዘመናዊ የእግር ኳስ ስታዲየም ለምን አትሠራም? የጠያቂዎቹ ቅሬታ እውነተኛ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈበት ጨዋታ የሜዳችን ይባል እንጂ የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነበር፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ያወጣውን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም አገር ውስጥ አልነበረንምና። በአሸናፊነታችን ማግስት እንኳ ደስታችን ግማሽ የሆነው ለዚህ ነው።

ስታዲየም መሃል ከተማ መሆን አለበት በሚለው እስማማለሁ። የማልስማማው አዲስ ይሠራ በሚለው ነው፤ ምክንያቱም መሃል ከተማ ስታዲየም አለን።

ከመስቀል አደባባይ ጥቂት እርምጃ፣ ከለገሃር ደግሞ የአንድ ፌርማታ መንገድ ላይ የሚገኘው የአዲስ አበባ ስታዲየም የቆመበትን ቦታ ዛሬ አዲስ ልምረጥ የሚል ባለሙያ ቢኖር የተሻለ አያገኝም። በ2008 ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ሁለት መስመሮች አሉት፤ ሁለቱም በአንድ ሐዲድ ከሚሄዱባቸው ጥቂት ፌርማታዎች አንዱ ስሙም «ስታዲየም» የሚባለው ነው። ከአያት የመጣውም ከቃሊቲ የመጣውም እዚያው ይወርዳል። መኪና ይዞ ለሚመጣው ደግሞ መስቀል አደባባይ ሥር የተሠራው ሰፊ የመኪና ማቆሚያ አለ። ይህን ሁሉ ሌላ ቦታ እንደገና እንገንባ ማለት በእጅ ያለውን ጥሎ ሌላ መመኘት ነው።

ታሪኩን ለጊዜው ልተወው ብል እንኳ አይተወኝም። በጥር 1954 ኢትዮጵያ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው እዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ለእኔ ትውልድ ግን ትልቁ ቀን ጥቅምት 4 ቀን 2005 ነው። ከሱዳን ጋር በመጀመሪያው ጨዋታ በእነርሱ ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበርና፣ ድምሩ እኩል ሲሆን ከሜዳው ውጭ ብዙ ያገባው ስለሚያልፍ 2 ለ 0 ማሸነፍ ይበቃን ነበር፤ እንደዚያው ሆነ፤ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። ጎሕ ሳይቀድ የተሰለፈው ሰው፣ በጋዜጣ ወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ፣ ፊቱን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የተቀባ ሕፃን በአባቱ ትከሻ ላይ፤ ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ ሕዝቡ ማንም ሳይመራው እየዘፈነ ወደ መስቀል አደባባይ ፈሰሰ። ስታዲየሙ ከከተማው ዳር ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሰው የሚፈስሰው ወደ ታክሲ ሰልፍ ነበር።

ቦሌ ላይ በ2008 የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየም ከ60 ሺህ ሰው በላይ እንዲይዝ የታሰበ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ውል 2.47 ቢሊዮን ብር ነበር፤ ለሁለተኛው የተፈረመው ከዚያ እጥፍ በላይ ሆነ። ሥራው እንደታሰበው አለመፍጠኑን የሚያውቅ ሰው በአንድ ከተማ ሌላ ግንባታ ለመጀመር ሁለት ጊዜ ሊያስብ ይገባዋል። ደግሞስ አደይ አበባ ሲያልቅ የብሔራዊ ቡድኑን ጨዋታ ይሸከማል እንጂ፣ ተራ የሊግ ጨዋታ ሊያይ የመጣ ጥቂት ሺህ ደጋፊ እዚያ ውስጥ ቢቀመጥ አዳራሽ ውስጥ እንደ ገባ ድምፅ ይበተናል። ስታዲየምን የሚያኖረው በዓመት ሁለቴ የሚመጣው ትልቅ ጨዋታ ሳይሆን በየሳምንቱ የሚደረገው ትንሹ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ከ30 ሺህ ሰው በላይ የሚይዘው አሮጌው ሜዳ ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል።

ተቃውሞው ይገባኛል። ሜዳው አርጅቷል፤ የመሮጫው መም ተመልካቹን ከጨዋታው ያርቀዋል፤ በትልቅ ጨዋታ ቀን የአካባቢው መንገድ ይዘጋል። ነገር ግን ካፍ የሚጠይቀው በተመልካች ቁጥር ልክ የተነጠለ ወንበር፣ በቂ ፓውዛ፣ ደረጃውን የጠበቀ መልበሻ ክፍልና ሣር ነው፤ እነዚህ የዕድሳት ሥራዎች ናቸው፣ ለእነርሱ ሲባል የሰው ሰፈር አይነሣም።

ያስቆጨኝ የዕድሳቱ መርዘም ነው። ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች በዙር መካሄድ ከጀመረና ስታዲየሙም ለዕድሳት ከተዘጋ ወዲህ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ቡድኑን ለማየት አዳማ ወይም ሐዋሳ ይሄዳል፤ አቅም ያጣው ጨዋታውን በቴሌቪዥን የሚያሳይ ቤት ሻይ ይዞ ይቀመጣል። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክና ከማን አንሼ በሚባሉት የስታዲየሙ መቀመጫ ክፍሎች መካከል የነበረው መተራረብ ለአሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ዓመት ልጆች ታላላቆቻቸው የሚያወሩት ተረት ሆኗል። ከስታዲየሙ ሥር ካሉት ሱቆች በአንዱ ማሊያ የሚሸጥ ሰው ባለፈው ሳምንት የቡናማና ቢጫውን ማሊያ አቧራ እያራገፈ እንዲህ አለኝ፦ «ወንድሜ፣ ድሮ እሁድ ጠዋት የምሸጠውን አሁን በወር አልሸጠውም።»

ስለዚህ ለአዲስ ስታዲየም ጥናት የሚወጣ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ እዚህ ይዋል፤ የዕድሳቱ ቀሪ ሥራና የሚያልቅበት ቀን በይፋ ይነገር፤ ሙሉው እስኪጠናቀቅም የተወሰነው የመቀመጫ ክፍል ለሊግ ጨዋታ ይከፈት።