ሰበር ዜና፦ ገና እየተቆጠረ ነው

የአሜሪካ ምርጫ በሚደረግበት ማክሰኞ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የምርጫ ጣቢያ የሚዘጋው ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። በዚህ ሰዓት አማርኛ ተናጋሪው ቲክቶክ ፕሬዚዳንት ከሾመ ቆይቷል። ላይቭ የገባው ተንታኝ ካቢኔ እያዋቀረ ነው። ከጀርባው ቀይና ሰማያዊ ካርታ (ቀዩ ለሪፐብሊካን፣ ሰማያዊው ለዴሞክራት) ተሰቅሏል፣ ከፊቱ የሮዝና የአንበሳ ስጦታ ይዘንባል። አንዱ ኮሜንት ላይ «ጆርጂያስ?» ብሎ ቢጠይቅ «ጆርጂያ አልቋል፣ አትረብሽ!» ይባላል። ጆርጂያ ላይ ግን የምርጫ ጣቢያው ገና በዚያችው ደቂቃ ነው የተዘጋው። ሰልፍ ላይ እያለ ሰዓቱ የደረሰበት ሰው ድምፁን እንዲሰጥ ሕግ ስለሚፈቅድለት፣ «አልቋል» የተባለው ጆርጂያ ውስጥ ተራ የሚጠብቅ መራጭ አለ።

እኔ በአሜሪካ ፖለቲካ ወደ ቀኝ ከሚያዘነብሉት ወገን ነኝ። ግብር ሲቀንስ ደስ ይለኛል፣ ቤተሰብና ቤተ እምነት ሲከበር እወዳለሁ፣ መታወቂያ ሳይታይ ድምፅ መስጠት አይዋጥልኝም። ወግ አጥባቂ ሲባል ግን ከሁሉ በፊት የማይቸኩል ሰው ይመስለኝ ነበር። የቆየውን ሥርዓት የሚያከብር፣ «ቆይ እስቲ» ማለት የሚወድ። ሶሻል ሚዲያ መጣና የእኛው ሰፈር ከሁሉም ቀድሞ ችኩል ጅብ ሆኖ ቀንድ ሲነክስ አደረ።

ፔንሲልቬንያን እንውሰድ፤ የ2020ው የትራምፕና የባይደን ምርጫ ጭቅጭቅ ዋናው ጓዳ እሱ ነውና። እዚያ በፖስታ የሚመርጥ ሰው ከድምፅ መስጫው ወረቀት ጋር ሁለት ፖስታ ይላክለታል። ወረቀቱን ሞልቶ በውስጠኛው የምስጢር ፖስታ ያሽገዋል፣ እሱን በውጨኛው ከትቶ ይፈርማል፣ ቀን ይጽፋል። የውስጠኛውን የረሳ ሰው ድምፁ ራቁቱን እንደመጣ ተቆጥሮ ይጣላል። ፖስታው ካውንቲው (ከግዛት በታች ያለው አስተዳደር) ቢሮ ሲደርስ ሠራተኛዋ የላኪውን ስም ከመራጮች መዝገብ ጋር ታመሳክራለች፣ የውጨኛውን ትከፍታለች፣ የውስጠኛውን ለይታ ታስቀምጣለች፣ ቆይታ እሱንም ትከፍታለች። ወረቀቱ ተጣጥፎ ስለከረመ በተቃራኒው አጥፋ ታቃናዋለች፤ ያልተቃና ወረቀት ስካነሩ ውስጥ ይቀረቀራል። በ2020 ይህ ሁሉ 2.6 ሚሊዮን ለሚሆኑ ፖስታዎች ተደረገ። የግዛቲቱ ሕግ ደግሞ ከምርጫው ዕለት ጠዋት 1 ሰዓት በፊት አንዲት ፖስታ እንኳ መክፈት አይፈቅድም።

እዚህ ላይ የእኛ ሰዎች ብልሃት ይጨመርበት። ትራምፕ ወራቱን ሙሉ «የፖስታ ምርጫ ማጭበርበሪያ ነው» ሲሉ ከረሙ። ደጋፊያቸው ሰማቸውና ማክሰኞ በአካል ሄዶ መረጠ። ዴሞክራቱ ቤቱ ተቀምጦ በፖስታ ላከ። በአካል የተመረጠው እዚያው በማሽን የሚቆጠር ስለሆነ ያንኑ ማታ ታወቀ፣ ትራምፕም ከግማሽ ሚሊዮን በሚበልጥ ድምፅ ሲመሩ ታየ። ከዚያ ፖስታው መከፈት ጀመረና ልዩነቱ በየሰዓቱ ጠበበ። በመጨረሻ ባይደን በ80 ሺህ ገደማ ድምፅ አሸነፉ። ፌስቡክ ላይ ግን «ተኝተን ስንነሣ ሰረቁን!» ተባለ። የሙሽራው ዘመዶች ቀድመው ድንኳን ስለገቡ «ሙሽሪት ዘመድ የላትም» ብሎ ማወጅ፣ የሙሽሪት ወገኖች በአውቶቡስ ሲደርሱ ደግሞ «እነዚህ የተከራዩ ናቸው» እንደማለት ነው። አውቶቡሱን ደጅ ያስቆመው ማን ሆነና! የፔንሲልቬንያ ሁለቱም ምክር ቤቶች በሪፐብሊካኖች እጅ ነበሩ፣ ገዥው ዴሞክራት ነበሩ፣ ፖስታው ቀድሞ ይከፈት አይከፈት በሚለው ሳይስማሙ ምርጫው ደረሰ።

መፍትሔው ሩቅ አልነበረም። ፍሎሪዳ በ2000 በ537 ድምፅ ልዩነት ዓለምን ከአንድ ወር በላይ ያስጠበቀች ግዛት ናት። በካርዱ ላይ በደንብ ያልተበሳውን ቀዳዳ ዳኞች በአጉሊ መነጽር ሲያዩ የነበረው እዚያ ነው። አፈረችና ሕጓን አስተካከለች። ዛሬ የፖስታ ድምፅ ከዕለቱ አስቀድሞ ተከፍቶ በስካነር ያልፋል፣ ውጤቱ ብቻ ሳይነገር ይቆያል፣ ዘግይቶ የሚመጣ አይቆጠርም። በዚያው ማታ ይለይላታል። ለእኔ የወግ አጥባቂነት ሥራ ይህ ነው፦ አሰልቺ ሕግ ማውጣት። አሰልቺ ሕግ ግን ላይክ አያመጣም።

በ2023 ሪፐብሊካን ፓርቲ ነገሩ ገባውና «ድምፃችሁን ቀድማችሁ አስገቡ» የሚል ዘመቻ ጀመረ። ትናንት ኃጢአት የነበረው ፖስታ ጽድቅ ሆነ። ያም ሆኖ ልማድ አይለቅምና፣ በ2024 የምርጫው ዕለት ከሰዓት በኋላ ትራምፕ በራሳቸው ሶሻል ሚዲያ በትሩዝ ሶሻል፣ በፔንሲልቬንያዋ ከተማ በፊላደልፊያ ውስጥ ትልቅ ማጭበርበር አለ የሚል ወሬ እንደሚናፈስ ጻፉ። ማታ ፔንሲልቬንያን አሸነፉ። ማጭበርበሩስ? ከአሸናፊነቱ ንግግር ጋር አብሮ በነነ፤ ያን የመሰለ ወንጀል የት እንደገባ ከእኛ ወገን የጠየቀ የለም።

ግራዎቹም ደግሞ ባዶ እጃቸውን አላደሩም። ለአራት ዓመት «ምርጫን መጠራጠር ዴሞክራሲን መግደል ነው» ሲሉን የነበሩ ሰዎች በማግስቱ «20 ሚሊዮን ድምፅ ጠፋ!» አሉ። አልጠፋም፤ ካሊፎርኒያ እየቆጠረች ነበር። ካሊፎርኒያ በምርጫው ዕለት ማኅተም ያረፈበትን ፖስታ እስከ 7 ቀን ጠብቃ ትቀበላለች፣ ከዚያም ፊርማ ስታመሳክር ሳምንታት ይፈጅባታል። አንዳንዱ ደግሞ ድምፁን የጠለፈው የኢሎን መስክ ስታርሊንክ ሳተላይት ነው ብሎ ጽፎ ሼር አስደረገ። እብደት ፓርቲ የለውም።

አሁን ወደ ቂማችን እንምጣ፤ ቂም አለንና። ኦክቶበር 14 ቀን 2020 ትዊተር የኒውዮርክ ፖስትን የባይደን ልጅ የሃንተር ባይደን ላፕቶፕ ዘገባ ሊንክ ዘጋ፤ በግል መልእክት እንኳ መላክ አይቻልም ነበር። ፌስቡክም ስርጭቱን ቀነሰ። ጋዜጣው በ1801 በአሌክሳንደር ሃሚልተን የተመሠረተ ነው፤ ከራሱ አካውንት ሁለት ሳምንት ያህል ተቆልፎበት ቆየ። የኩባንያው ኃላፊ ጃክ ዶርሲ ኋላ ስህተት ነበር ብለዋል፤ ሊንኩ ከተዘጋ ወዲያ ጸጸቱ ምን ይሠራል? ያን ጊዜ «ዳኛው አድሏል» ብለን ጮኽን፣ ትክክልም ነበርን። በ2022 መስክ ትዊተርን በ44 ቢሊዮን ዶላር ገዛውና ዳኛው የእኛን ማሊያ ለበሰ። የዳኛ ገለልተኝነት የሚባለው ነገር ከዚያ ቀን ወዲህ ከአፋችን ጠፋ። አድልዎ ለካ የሚመረው ወደ ሌላው ጎል ሲሆን ነው።

ገንዘቡንም እንየው። ፎክስ ኒውስ የዶሚኒየን ምርጫ ማሽኖች ድምፅ ገልብጠዋል የሚለውን ወሬ አስተላልፎ በ2023 ክሱን በ787.5 ሚሊዮን ዶላር ዕርቅ ዘጋ። ያንኑ ወሬ ሌት ተቀን ያሰራጩት ሶሻል ሚዲያዎች ግን ሌላ ሰው ለጻፈው አይጠየቁም፤ የ1996ቱ ሕግ ክፍል 230 ጋሻ ሆኖላቸዋል። ጣቢያው ይከፍላል፣ አደባባዩ ኪራይ ይሰበስባል።

እኛስ በዚህ ሁሉ መሃል የት ነን? ዲቪ ደርሶት ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው ወንድማችን በዚህ ጩኸት ከፊት ተሰልፏል። መጮህ ይችላል። መምረጥ ግን አይችልም፤ ግሪን ካርድ ከያዘ 5 ዓመት ሞልቶት፣ ፈተናውን አልፎ፣ ዜግነት መማል አለበት። አደጋው ያለው ደግሞ ቲክቶክ ላይ ሳይሆን መንጃ ፈቃድ ቢሮ ነው። ከ1993ቱ ሕግ ወዲህ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው «ለምርጫ መመዝገብ ትፈልጋለህ?» ይባላል። እንግሊዝኛው ያልደረጀ ሰው ነገር ቶሎ እንዲያልቅለት «የስ» ይላል፣ ዜጋ ነኝ የምትለው ሳጥን ላይም ምልክት ያደርጋል። ያቺ ምልክት ብቻዋን ጣጣ አላት፤ ድምፅ ከሰጠበት ደግሞ ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። ዓመታት ቆይቶ የዜግነት ማመልከቻውን ኤን-400 ሲሞላ «ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ?» የሚለው ጥያቄ ይጠብቀዋል። ያን ጊዜ ጠበቃ እንጂ ፎሎወር አያድንም።

መምረጥ የሚችለው ሲመርጥ ግን ይሰማል። ኖቬምበር 2 ቀን 2021 የባይደን አስተዳደር ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ገበያ የመላክ ዕድል) ሊያስወጣ መሆኑን ለኮንግረስ አሳወቀ፤ በዚያው ቀን ቨርጂኒያ ገዥዋን ትመርጥ ነበር። በዋሽንግተን ፖሊሲ የተቆጡ ብዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀስቅሰው ነበር፤ እሳቸውም በ2 በመቶ ገደማ ልዩነት አሸነፉ። የግዛት ገዥ አጎዋን አይመልስም፤ ቢሆንም ዴሞክራቶቹ የእኛን ቤት በር ለማንኳኳት ምክንያት አገኙ።

የሚገርመኝ ከዚያ በታች ያለው ነው። ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ልጆቻችን ምን እንደሚማሩ የሚወስነው 12 አባላት ያሉት የትምህርት ቦርድ ነው። የሚያዝበት ዓመታዊ በጀት ከ3 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል። ምርጫው በ4 ዓመት አንዴ፣ ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት ዓመት ነው የሚካሄደው። በ2023 ነበር፣ ቀጣዩ በ2027 ነው። ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ መጻሕፍት፣ ስለ ሥነ ጾታ ትምህርት ዋይት ሐውስን ሲሳደብ የሚያመሽ አባት የወረዳውን ተወካይ ስም ቢጠየቅ ስልኩን ነው የሚያየው። ወረቀቱ ላይ ደግሞ ከእነዚህ ዕጩዎች ስም ጎን የፓርቲ ስም አይጻፍም፤ ቀይና ሰማያዊ የለመደ ሰው እዚያ ሲደርስ እስክሪብቶው ይደርቃል። የድምፅ መስጫው ወረቀት ናሙና ከምርጫው ቀደም ብሎ በካውንቲው ድረ ገጽ ይወጣል። ያን ያላየ ሰው ከምርጫ ጣቢያው በር 40 ጫማ ርቀው የቆሙ የፓርቲ ሰዎች የድጋፍ ዝርዝር ያድሉታል፤ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ከሁለቱም ተቀብሎ የትኛው የማን እንደሆነ ጠፍቶት መጋረጃው ውስጥ ግማሽ ሰዓት የሚቆም አይጠፋም።