ማስተካከያ፦ የሆሎኮ ቤቶች የመካከለኛው ዘመን አይደሉም

ስለ ሃንጋሪዋ ትንሽ መንደር ስለ ሆሎኮ በወጣው ጽሑፍ ላይ ነጫጮቹ ቤቶች ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ሳይነኩ የቆዩ ናቸው ተብሏል። ይህ ልክ አይደለም።

የድሮዎቹ ቤቶች ከእንጨት የተሠሩ፣ በሣር የተከደኑ ነበሩ። መንደሩም በተደጋጋሚ ተቃጥሏል። የመጨረሻው ትልቅ ቃጠሎ የደረሰው በ1909 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ የምናያቸው ቤቶች አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ የቆሙ ናቸው። ፓሎትስ የሚባሉት ነዋሪዎች የአባቶቻቸውን አሠራር አልለቀቁም። ግድግዳውን በጭቃ ጡብ፣ ክዳኑን በሸክላ አድርገው መልሰው ሠሩት። የተቀረጸ እንጨት ያለው በረንዳም አልቀረም። እኔን «ሳይነካ ቆየ» ከሚለው ይልቅ ይሄ ነው የሚያስደንቀኝ። የተቃጠለን መንደር በራሱ መልክ ማቆም እኮ ቀላል አይደለም።

የእንጨት የደወል ማማ ያለው ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን የተሠራው በ1889 ነው። በእውነት የመካከለኛው ዘመን የሆነው ኮረብታው ላይ ያለው ምሽግ ነው። ግንባታው የተጀመረው ከ1241–42ቱ የሞንጎሎች ወረራ በኋላ ነው።

ሌላም መታረም ያለበት ነገር አለ። ዩኔስኮ በ1987 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ምሽጉን ብቻ ሳይሆን አሮጌውን መንደር ከነአካባቢው ነው።